ሥራው ቋሚ፤ ሠራተኛው ጊዜያዊ

ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም ጊዜያዊ ነው። ይህን አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል፤ በየለቅሶው ቤትም ሁላችን እንሰማዋለን። ጌታም ሎሌም፥ ባለጸጋም ድኻም የሚሰናበትበት ቀን አለውና በዚህ በኩል ማንም ከማንም አይበልጥም። ፈጣሪ ለሁላችን የሰጠን ውል አንድ ዐይነት ነው፤ የሚያበቃበትንም ቀን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

እኔ አሁን የምጽፈው ግን ስለዚህ ስለ ጋራ ዕጣችን አይደለም፤ ሰው በሰው ላይ ስለ ፈጠረው ስለ ሌላው ጊዜያዊነት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ የፋብሪካ መኪና ግራና ቀኝ ቆመው፥ አንድ ሥራ እየሠሩ፥ በአንድ ደወል ገብተው በአንድ ደወል ሲወጡ፥ አንዱ ቋሚ ሁለተኛው ጊዜያዊ ስለሚባሉበት ነገር ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ሲፈልጉ በመጀመሪያ የሚሰጣቸው ይኸው የጊዜያዊነት ወረቀት ነውና፥ ነገሩን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይበጃችኋል ብዬ አስባለሁ። የምናገረውም ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ሀያ ሁለት ዓመት በአንድ ፋብሪካ በቋሚነት ሠርቻለሁ፤ ከዚያም ውስጥ ስድስቱን ዓመት የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሓፊ ነበርሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምወቅሳቸው ሰዎች አንዱ እኔው ራሴ ነኝ።

በመጀመሪያ የሁለቱን ኑሮ ጎን ለጎን አድርገን እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ቢታመም እስከ 6 ወር ድረስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያውን 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፥ የሚቀጥሉትን 2 ወሮች በግማሽ ደመወዝ፥ የቀሩትን 3 ወሮች ያለ ደመወዝ ማለት ነው። ሴት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ደመወዟ እየተከፈላት ታርፋለች። አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለው። ቋሚውን ሠራተኛ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ አሠሪው በሕግ የታወቀ ምክንያት ሳይኖረው ሊያሰናብተው አይችልም፤ ቢያሰናብተውም ይከስሳል፥ ማኅበሩም ከኋላው ይቆምለታል። ስለዚህ ቋሚው ሰው የቤቱን ኪራይ፥ የልጁን ትምህርት፥ የእድሩን መዋጮ የከርሞውን ጭምር አስቦ ሊያድር ይችላል።

ጊዜያዊውስ? እውነቱን ለመናገር ሕጉ እነዚህን መብቶች አልነፈገውም። ነገር ግን የ3 ወር ውል ለያዘ ሰው የ6 ወር የሕመም ፈቃድ ምን ይረባዋል? ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ነው። ነፍሰ ጡርን ማሰናበት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የውሏ ቀን ያለቀባትን ግን ማንም አሰናበታት አይባልም፤ «ጊዜዋ ደረሰ» ይባላል እንጂ። የተወሰነ ጊዜ ውል ቀኑ ሲደርስ በራሱ ያበቃልና አሠሪው ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ሆኖ የሰውየው መብት በወረቀት ላይ ይኖራል፤ መብቱን የሚጠይቅበት አንደበቱ ግን በየሦስት ወሩ ይዘጋል። አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ጣቱን መኪና ቆርጦት በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ሲቀጥል በዐይኔ አይቻለሁ። ወደ ሕክምና ሂድ ብለው «ስሜ ይጻፋል፤ ውሌም የሚታደሰው በሚመጣው ሳምንት ነው» ብሎ እንቢ አለኝ። ደሙን ከሸቀጡ ላይ በእጅጌው ጠረገና ሥራውን ቀጠለ።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ የሚሆነው ሕጉ ስለሚፈቅድ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አዋጁ በአንቀጽ 9 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ አድርጎ ይቆጥራል፤ መሠረቱ ቋሚነት ነው። በአንቀጽ 10 ደግሞ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀድባቸውን ጉዳዮች ለይቶ ይዘረዝራል። ከእነርሱም መካከል በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረውን ሰው ለጊዜው መተካት፥ ከወትሮው በላይ የበዛ ሥራን ማቃለል፥ አደጋ እንዳይደርስ የሚደረግ አስቸኳይ ሥራ፥ ወቅትን ተከትሎ የሚሠራ ሥራ ይገኛሉ። በዚህ እኔም አልቃወምም። ቡና የሚለቀመው ሲበስል ነው፤ የሸንኮራ ቆረጣም በክረምት ዝናብ ይቆማል፤ ቤት የሚሠራም ጣሪያው ከተመታ በኋላ ግንበኛውን ይሸኛል። እዚህ ላይ ጊዜያዊው ሥራው ራሱ ነውና ሰውየው ከሥራው ጋር ቢመጣና ቢሄድ የተፈጥሮ ነገር ነው።

ነገር ግን በጋ ከክረምት፥ ቀን ከሌሊት፥ በሦስት ፈረቃ ሳያቋርጥ የሚዞር መኪና ወቅቱ መቼ ነው? ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው የሚጠረግ ወለል፥ በየሌሊቱ የሚጠበቅ በር ጊዜያዊ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? እዚህ ላይ ሥራው ቋሚ ነው፤ ጊዜያዊ የተባለው ሰውየው ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ሐሰት የሚናገር ወረቀት ነው። አሠሪውም ያውቀዋል፤ ሠራተኛውም ያውቀዋል፤ ሁለቱም ግን እያወቁ ይፈርሙበታል፤ አንዱ ስለሚጠቀም፥ ሁለተኛው ስለሚቸገር።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልመለስ። በእኛ ፋብሪካ በማሸጊያው ክፍል የምትሠራ አንዲት እኅት ነበረች። በየሦስት ወሩ ውል እየፈረመች አምስት ዓመት ሠርታለች። ብታሰሉት ሀያ ጊዜ መሆኑ ነው፤ በአንድ በር ሀያ ጊዜ እንደ እንግዳ ገብታለች። አዲስ ለሚቀጠሩት ቋሚዎች እንኳ ሥራውን የምታሳያቸው እርሷ ነበረች፤ እነርሱም ከተማሩ በኋላ ከእርሷ የበለጠ ደመወዝ ይቀበሉ ነበር። ባረገዘች ጊዜ ሆዷን በመቀነት አጥብቃ እያሰረች እስከ ሰባተኛ ወሯ ደበቀችው። የክፍሉ አለቃ ባወቀ በሁለተኛው ሳምንት የውሏ ቀን ደረሰ፤ ውሉም ሳይታደስ ቀረ።

ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላትም አልገባችም። «ጋሼ፥ ገንዘብ ይስጡኝ ብዬ አልመጣሁም፤ ከወለድሁ በኋላ እንድመለስ ብቻ አንድ ቃል ይናገሩልኝ» አለችኝ። እኔም መሳቢያውን ስቤ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አወጣሁና ስለ አባልነት የሚናገረውን አንቀጽ አነበብሁላት። «አባል መሆን የሚችለው ቋሚ ሠራተኛ ነው ይላል፤ እኅቴ፥ አንቺ አባላችን አይደለሽም» አልኋት። ሐሰት አልተናገርሁም፤ ደንቡ እንዲሁ ይል ነበር። እርሷም «እውነትዎን ነው ጋሼ» ብላ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች። ሰድባኝ ሄዳ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ በእውነትዎ ነው መሄዷ ነው።

ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ ማኅበራችን አመጣጥ አሰብሁ። በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ሳይፈቀድ በፊት ሠራተኞች ተሰብስበው የሚመክሩት በእድርና በመረዳጃ ስም ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማኅበር መደራጀትን ቢፈቅድም፥ ዝርዝሩን የሚወስን ሕግ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በ1954 ዓ.ም. ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. ማኅበራቱ ተባብረው የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ኮንፌዴሬሽን አቋቋሙ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ነገሩን አጸናው። በዚያ ዘመን የወንጂ ስኳር ፋብሪካና የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበርተኛ በመሆናቸው ብዙ መከራ ተቀብለዋል። እንግዲህ ማኅበራችን የእድር ልጅ ነው ማለት ነው። እድር መዋጮ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ደግ እድር መዋጮዬን ልክፈል የሚለውን ጎረቤት «አንተ ተከራይ ነህ፤ ቤቱ የራስህ አይደለም» ብሎ አይመልሰውም። እኛ ግን የእድር ልጆች ስንሆን ተከራዩን ከበር መለስነው። አዋጁ እንኳ በማኅበር የመደራጀትን መብት ለሠራተኛ ሲሰጥ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አልለየም። የለየነው እኛ ነን፤ ደንቡን የጻፍነውም እኛው።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡ እንዲሻሻልና ጊዜያዊዎቹ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረብሁ። አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ተነሥቶ «ቋሚ ለመሆን እኔ ስንት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ! ጸሓፊያችን የእኛን ቦነስ ለማን ሊያካፍል ነው?» አለና ጭብጨባ ሆነ። እጅ ሲቆጠር ተሸነፍሁ። ያን ሰው ዛሬም ክፉ ሰው ነው አልልም፤ አራት ልጆች ነበሩት። ያገኘችው ትንሽ ጥላ ከሰው ጋር ብትካፈል የምታልቅ መሰለችው። ፍርሃት ሰውን እንዲህ አድርጎ ያሳስበዋል።

ነገር ግን ጥላዋ ያለቀችው ባለመካፈላችን ነው። እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ። እኔ ስቀጠር በእኛ ክፍል ከአሥሩ ሠራተኞች ሁለቱ ጊዜያዊ ነበሩ፤ እኔ ስወጣ ከአሥሩ ቋሚ ሆነው የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። በዚህ መካከል አንድም ቋሚ ሠራተኛ አልተባረረም፤ አንድም ቀን ጩኸት አልተሰማም። ጡረታ የወጣው፥ የሞተው፥ ወደ ሌላ ቦታ የሄደው ሰው ቦታው በውል ሠራተኛ ይሞላ ነበር እንጂ። እኛም በየጊዜው «ማን ተነካ?» እያልን ዝም አልን። ከዚያ በኋላ የኅብረት ስምምነታችን የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና ስለ ደመወዝ ለመነጋገር ከጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጁ ንግግራችንን በትዕግሥት ሰምቶ «ለመሆኑ ማኅበራችሁ ዛሬ ስንት ሰው ይዟል?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አልነበረንም። ሥራ ብናቆም መኪናዎቹ እንደማይቆሙ እርሱም እኛም እናውቅ ነበር፤ እምቢ የማይሉት፥ እምቢ ሊሉም የማይችሉት ስድስቱ ሰዎች ቆመው ያዞሯቸዋል። እነርሱን ደግሞ እኛ ራሳችን ከበር የመለስናቸው ናቸው። የዚያን ዓመት ስምምነት የፈረምነው እርሱ በጻፈው መሠረት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ያልተባበረ ድር ግን ዝንብም አይዝም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ መንገድ ሰፍቷል። በአዲስ አበባ በብዙ ባንክና መሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ፥ ወለሉንም የምታጸዳው ሴት የዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አይደሉም፤ በመካከል የገባ ኤጀንሲ ያቀረባቸው ናቸው። ባንኩ ለአንድ ሰው ብሎ ለኤጀንሲው የሚከፍለውና በሰውየው እጅ የሚገባው ገንዘብ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ በመካከል ይቀራል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ስለዚህ አቤቱታ ሲያሰማ ቆይቷል። ሰውየው ደመወዙ ሲጓደልበት ባንኩን ቢጠይቅ «የእኛ ሠራተኛ አይደለህም» ይለዋል፤ ኤጀንሲውን ቢጠይቅ «ባንኩ አልከፈለንም» ይለዋል። ጌታው ሁለት ሲሆን ኃላፊው ግን አንድም የለም። የሌላውን ሰው ሚሊዮን ብር በሌሊት ብርድ እየጠበቀ የራሱን የወር ደመወዝ የሚጠብቅለት አጥቷል።

የአሠሪዎችንም መልስ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተነግሮኛልና። «ሰው ቋሚ ሲሆን ይሰንፋል፤ የሚያተጋው ሥጋት ነው» ይላሉ። በቋሚነቱ ተማምኖ የሚተኛ ሰው መኖሩን አልክድም፤ እንዲህ ያለውን አይቻለሁ፥ አፍሬበትማለሁ። ሰነፍን ግን ሕጉ ራሱ በማስጠንቀቂያና በቅጣት ያርመዋል፤ ስለ ሰነፉ ብሎ ትጉውን ማስጨነቅ የሌባውን ቅጣት ለጎረቤቱ እንደ መስጠት ነው። ደግሞም ሥጋት የሚወልደው ትጋት የዐይን ትጋት ነው። የሚሠጋ ሰው አለቃው ሲያየው ይሮጣል፤ መኪናው እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ ግን አይናገርም፥ አበላሸህ እንዳይሉት ይፈራልና። ነገ የማይኖርበትን ቤት ማን ተጨንቆ ይጠግናል?

«ገበያ ይለዋወጣል፤ ዕዳው ለእኛ ብቻ ለምን ይሆናል?» ይላሉ ደግሞ። ገበያ መለዋወጡ እውነት ነው፤ ሕጉም ድርጅት ሲቸገር ሠራተኛ የሚቀነስበትን ሥርዓት አስቀምጧል። እኔ የምቃወመው የገበያው ሥጋት ሁሉ ተሰብስቦ ከሁሉ ይልቅ ደካማ በሆነው ሰው ጫንቃ ላይ መጫኑን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። አሠሪው ሥጋቱን ለጊዜያዊው አሸከመው፤ ቋሚውም «እንኳን ለእኔ አልሆነ» ብሎ አለፈ። በደሉን የጀመረው አሠሪው ነው፤ እንዲጸና ያደረገው ግን የቋሚው ዝምታ ነው። ስለዚህ ተግሣጼ ከአሠሪው ይልቅ በወገኖቼ ላይ ቢከብድ አይፈረድብኝ። ከአሠሪው የምንጠብቀው ሕግ እንዲያከብር ነው፤ ከወንድማችን ግን ከሕግ የበለጠ ነገር እንጠብቃለን።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ምክሬ ይህ ነው። ወረቀት ሲሰጣችሁ ችግራችሁ ያስፈርማችኋል፤ እኔም አትፈርሙ ብዬ በባዶ ሆድ አልሰብክላችሁም። ነገር ግን አንብባችሁ ፈርሙ፤ ግልባጩንም ያዙ። ጊዜያዊው ሥራው ነው ወይስ እኔ ነኝ ብላችሁ ጠይቁ። ሥራው የማያቋርጥ ሆኖ እናንተ ብቻ የምትቆራረጡ ከሆነ፥ አንቀጽ 9ንና አንቀጽ 10ን አስታውሱ፤ እያንዳንዱንም ውል በቀኑ አስቀምጡ፤ አንድ ቀን በዳኛ ፊት የሚናገርላችሁ እርሱ ነው። ብቻችሁንም አትቁሙ፤ ሕጉ 10 ሠራተኞች ከተሰበሰቡ ማኅበር ሊያቆሙ ይችላሉ ይላል፤ ዐሥር ሰው ደግሞ በአንድ ክፍል አይጠፋም።

ቋሚነትን ባገኛችሁ ቀን ግን ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ፈተናው ያን ጊዜ ነውና። በትናንትናው ወንበራችሁ ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ማኅበር ስትገቡ መጀመሪያ የምትመለከቱት አንቀጽ ስለ አባልነት የሚናገረው ይሁን፤ ጊዜያዊውን የሚከለክል ከሆነ እስኪሻር ድረስ በየጉባኤው ተነሡና ተናገሩ። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬ፥ ተሸንፌ ተቀመጥሁ፤ ሁለተኛ ያልተነሣሁበት ምክንያት ሲጠየቅ ከአፍረት በቀር መልስ የለኝም። የኅብረት ስምምነትም ስትጽፉ ከደመወዝ ጭማሪው አስቀድማችሁ፥ በማያቋርጥ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ቋሚ ይሁን የሚለውን ጻፉ፤ ጭማሪውን የሚያስገኝላችሁ ኃይል የሚመጣው ከዚያ ነውና። ከእናንተ መካከል ሥራ አስኪያጅ ለመሆን የሚበቃም ይኖራል፤ እርሱም የሦስት ወር ውል ሊፈርም ብዕሩን ሲያነሣ፥ ይህን ወረቀት ለገዛ እኅቴ እሰጣት ነበርን? ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ።

አባቶቻችን በሰው ላይ የደረሰውን ሲያዩ ነግ በእኔ ይሉ ነበር። ይህ ቃል የፍርሃት ቃል አይደለም፤ የሌላውን መከራ እንደ ራስ አድርጎ የማየት ቃል ነው። እኔ ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ አደግሁ፤ ትርጉሙን ግን የተረዳሁት ያቺ እኅት ከበሬ ላይ ከሄደች በኋላ ነው። ወልዳ እንደ ሆነ፥ የት እንደ ገባች፥ ልጇ ዛሬ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ምናልባትም ይህን መጽሐፍ ከሚያነቡት ወጣቶች አንዱ ይሆናል። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቀን በእናንተ በር ላይ ስትቆም ደንብ ፍለጋ መሳቢያ አትሳቡ፤ ወንበር ሳቡላት፤ ከዚያም ተነሥታችሁ አብራችኋት ሂዱ።